የተዘለለው ጥያቄ

ኦይታ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አጋደመና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ዮናስ በስልኩ የያዘው ሰዓት ገና እየቆጠረ ነው።

«ጨረስክ?» አለው ዮናስ።

«ጨረስኩ።»

«ሁሉንም?»

«የማውቀውን።»

ሐሴት ከወረቀቷ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። ይህን መልስ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ታውቀዋለች።

የሚያጠኑት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። የቤቱ ባለቤት ደግ ሴት ናቸው። አግዳሚ ወንበር አውጥተውላቸዋል፤ በምትኩ የጠየቁት ማንጎው ሲደርስ አውርዳችሁ ስጡኝ ብቻ ነው። ሦስቱም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመራቂዎች ናቸው። የመውጫ ፈተናውን አልፈዋል፣ ዲግሪያቸው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ሥራው ግን አልመጣም። አሁን አንድ የመንግሥት ድርጅት ጀማሪ መሐንዲሶችን በፈተና አወዳድሬ እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ቦታው ጥቂት፣ ተመዝጋቢው ብዙ። እስከዚያው ዮናስ ባጃጅ ይነዳል፤ ኦይታ ወደ ገጠሩ ጫኖ ወርዶ የአባቱን ሙዝ ያጠጣል፤ ሐሴት ሴቻ፣ ከፍታው ላይ ካለው ከአባቷ ቤት እየወረደች ታጠናለች።

ኦይታ ዕውቀት አያንሰውም። ችግሩ ሌላ ነው። አንድን ጥያቄ አንዴ ያነበዋል፤ ከገባው ይመልሳል፣ ካልገባው ያልፈዋል፤ ያለፈውን ደግሞ ዞሮ አያየውም። ከዚህ በፊት ሁለት የቅጥር ፈተና የወደቀው በዚህ ጠባዩ ነው።

ሐሴት የእሷን ጨርሳ ወረቀቱን ከፊቱ ወሰደችው።

«ይህን ለምን ተውከው?»

«ከበደኝ።»

«ከበደኝ ብሎ መተው አለ? ምልክት አድርግበትና ዝለለው። ቀላል ቀላሉን ጨርሰህ ተመለስበት። ስትመለስ ይለሰልስልሃል።»

«በምን ተአምር?»

«አንተ ሙዝ አብቃይ አይደለህ? ዛሬ ጥሬ የሆነው ሰንብቶ ሲበስል አላየህም?»

«እኔ ጥሬውን ነው ለነጋዴ የምሸጠው» አለ ኦይታ።

ዮናስ ሳቁን መያዝ አቃተው። «በቃሽ ሐሴት፣ ይህ ልጅ አንዴ ነው የተሠራው፤ ሁለተኛ ዙር የለውም።»

እሷም ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗ ኦይታ ላይ ቀርቶ ነበር። ኦይታም ያንን ዓይን አንዴ አይቶ የሚያልፈው አልነበረም። በዓለም ላይ ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ዮናስ ተሳፋሪ ፍለጋ ሲሄድ ሁለቱ ደብተራቸውን እየሰበሰቡ ቀሩ።

«ነገ እሑድ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ከጸሎት በኋላ እናንተ ቤት ይመጣሉ። ጋሽ ክብሩ ከትናንት ጀምሮ ሲጸልዩበት ነው ያደሩት።»

«አባቴ ሲናገር ድምፁ ከልቡ ይበልጣል። ይህን ንገራቸው።»

ኦይታ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ለማንም አልነገረም፤ ስለ ጥሩ አባት የተባለ ጥሩ ቃል መስሎት ነበር። እሷም ከዚህ በላይ አልጨመረችም፤ ሴት ልጅ ከዚህ አልፋ ብትናገር ራሷን እንደማቅረብ ይሆንባታል። ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ባጃጅ ያዘች። ኦይታ ጫኖ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት መሰለው።

*

አቶ ወልደየሱስ ደብረ ታቦር ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በመንግሥት ሥራ ተመድበው አርባ ምንጭ የመጡ፣ የጫሞን ሐይቅ እያዩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያለ ዳጣ፣ ያለዚያ የአገሩ የቃሪያ ድቁስ፣ እንጀራ አይቀርብላቸውም፤ ሙቀቱን ለምደዋል፤ የአገራቸውን ሥርዓት ግን እንደ አሮጌ ኮታቸው ጠብቀው አኑረውታል። ያን እሑድ ኮቱን ለብሰው መኝታ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ወለቴ ሰሟቸው። «የምሰጣት ልጅ የለኝም» ይላሉ፣ አንዴ በወፍራም ድምፅ፣ አንዴ በቀጭን።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰዎቹን ያስደነግጧቸዋል።»

«ሥርዓት ነው ወለቴ። አንቺን ለማግኘት የእኔ ሽማግሌዎች ክረምቱን ሙሉ በጭቃ አልተመላለሱም? የሴት ልጅ ክብሯ በምልልስ ነው። የመጀመሪያው ቀን እንቢ ይባላል፣ ሁለተኛውም ቀን እንቢ ይባላል፣ ሦስተኛው ላይ ይሰጣል።»

«ልጁን ግን ወደውታል?»

«መውደድማ ወድጄዋለሁ። ባለፈው የፋሲካ ዕለት ሙዝ ይዞ መጥቶ፣ ሳይጠየቅ የመብራት ማከፋፈያ ሣጥኑን ጠግኖልኝ ሄደ። ይህን ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእሷም ቢሆን።»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ፊት ፊት የሚሄዱት አቶ ክብሩ ናቸው፤ የኦይታ ቤተሰብ ጫኖ ውስጥ የሚያመልክበት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቃላቸው አጭር፣ ፊታቸው ብሩህ። ሙዝ ሲሸጡ ዋጋውን አንዴ ይናገራሉ፤ ነጋዴዎቹ ስለሚያውቋቸው አይከራከሯቸውም።

«ሳሮ፤ ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን» አሉ አቶ ክብሩ፣ በአካባቢው ቋንቋ ሰላምታ ጀምረው።

«አሜን። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። አቶ ወልደየሱስ እዚህ ላይ ትንሽ ደነገጡ። በእሳቸው አገር ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ተቀመጥ ቢባልም እስኪሰጠው ድረስ አይቀመጥም። ቢሆንም እንግዳ ነውና አለፉት።

«ልጃችን ኦይታ ልጅዎን ሐሴትን ይወዳል» አሉ አቶ ክብሩ። «እሷም እንደምትወደው ሰምተናል። በእግዚአብሔር ፊት እንዲጋቡ ልጅዎን እንዲሰጡን ልንጠይቅ መጣን።»

አቶ ወልደየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የምሰጣት ልጅ የለኝም።»

አቶ ክብሩ ወደ ጓዳው መጋረጃ ተመለከቱ። ከመጋረጃው ሥር ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ያደረገ እግር ይታያል። መልሰው አባትየውን አዩ።

«ይህ ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«ጨርሰዋል?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አቶ ወልደየሱስ በዕድሜያቸው አላዩም። «ጨ... ጨርሻለሁ» አሉ።

«እንግዲያው እግዚአብሔር ቤትዎን ይባርክ።» አቶ ክብሩ ተነሡ፣ እጅ ነሡ፣ ሁለቱን አስከትለው ወጡ። ወይዘሮ ወለቴ የምግብ ትሪውን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ።

«ሄዱ እንዴ?»

«ይመለሳሉ» አሉ አቶ ወልደየሱስ ኮታቸውን እያቃኑ። «የሚመጣው እሑድ።»

ከመጋረጃው በስተኋላ ሐሴት በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር። አባቷ ያንን ድምፅ ለማውጣት እንዴት እንደተለማመዱ በግድግዳው ሰምታለች። የሚመጣው እሑድ ሩቅ አልመሰላትም፤ እንዲያውም ቶሎ ደርሶ ይህ የጣፈጣት መጠበቅ እንዳያልቅባት ፈራች።

*

ኦይታ የውሃ ተራው ደርሶ በሙዙ መካከል ቦይ ከፍቶ ነበር። አቶ ክብሩ የእሑድ ልብሳቸውን እንደለበሱ በጠርዙ መጡ። ሲመጡ አረማመዳቸው ነገረው።

«አይሆንም ብለዋል ልጄ።»

«ምን ብለው ጋሼ?»

«የሰውን ከባድ ቃል ተሸክሜ አልዞርም። አይሆንም ነው።»

«ደግመን ብንሄድስ?»

አቶ ክብሩ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። «ቃላችሁ አዎን አዎን፣ ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ነው የተባልነው። ቃልዎ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ቃሌ ነው አሉ። ጨርሰዋል ወይ አልኳቸው፤ ጨርሻለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ ሄዶ መጨቅጨቅ ሰውየውን ውሸታም ማድረግ ነው።»

እዚያው ቆመው ጸለዩለት። ኦይታ አሜን አለ። ደጋግሞ መለመን የሚባል ነገር በእሱ ቤት አይታወቅም፤ እህቱ ስትጠየቅ ቤተሰቡ ጸልዮ አንድ ቀን አዎ ብሎ መለሰ፣ አለቀ። ታዲያ እንቢ ለምን እንደተባለ መጠየቅ አላስፈለገውም። የከፍታው ሰዎች ልጃቸውን እግሩ ጭቃ ለነካ ሰው አይሰጡም፣ ብሎ ደመደመ። የእነሱ መስቀልና የእኛ መዝሙርም አይገናኝም። አንዴ አነበበው፣ አለፈው።

ውሃው ሞልቶ በቦዩ ፈሰሰ፣ ወደ ጎረቤት ማሳ ገባ። «አንተ ኦይታ፣ ተኝተሃል?» ብሎ ሰው ጮኸበት። አልተኛም። ውሃውን ለማን እንደሚያጠጣ ብቻ ጠፍቶበት ነበር።

*

በማግሥቱ ማንጎው ሥር ሲመጣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ።

«ደህና አደርሽ ሐሴት» አላት።

ሐሲ ነበር የሚላት። ሙሉ ስሟን ከአፉ ስትሰማ ሰው የተሳሳተ በር ያንኳኳ መሰላት። ምን ሆነሃል ልትለው ፈለገች፣ ተወችው። እሑድ ሲመለሱ ይፈታል ብላ።

እሑድ ደረሰ። አቶ ወልደየሱስ ኮታቸውን ለበሱ፣ በረንዳው ላይ ሦስት ወንበር ደረደሩ፣ አጠገቡ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ጀመር። ወይዘሮ ወለቴ ጓሮ የታሰረችውን ዶሮ እያዩ «ልረዳት ወይስ ልተዋት?» ይላሉ። «ቆዪ፣ ሲደርሱ» ይላሉ እሳቸው። የመጣ የለም። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። አንድ ጊዜ የግቢው በር ሲንኳኳ አቶ ወልደየሱስ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ ድምፃቸውን አዘጋጅተው ከፈቱ፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሦስተኛው እሑድ ሲያልፍ ዶሮዋ እንቁላል መጣል ጀመረች።

«ምን ዓይነት ሽማግሌዎች ናቸው እነዚህ?» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «እኔ እንቢ ስል ይኸው እንቢ ብለው ቀሩ እኮ።»

«ደብዳቤ ይጻፉላቸዋ።»

«ልጄን ውሰዱልኝ ብዬ? ምን ነካሽ ወለቴ።»

ሐሴት ይህን ሁሉ ትሰማለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ግራ ገባት፣ በመጨረሻ አዘነች። የሱ ሰዎች እንቢታውን እንደ በረከት ቆጥረውት ይሆናል፣ ብላ አሰበች። የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንዲያገባ ፈልገው ይሆናል። እሱስ? እሱ ምን ነካው? አንዴ እንቢ ስለተባለ እኔን ትቶኝ አለፈ?

ፈተናው ሲቃረብ ጥናቱ በረታ። ዮናስ ብቻ ነው የሚቀልደው። አንድ ቀን ሰዓቱን እያስተካከለ እንዲህ አለ፦

«ሐሴት፣ አባትሽ ሊሾሙ ነው እንዴ? እሑድ እሑድ ተሳፋሪ ይዤ በደጃችሁ ሳልፍ በዚህ ሙቀት ኮት ለብሰው በረንዳ ላይ ናቸው። ሦስት ባዶ ወንበር ደርድረው። ሰላም ብላቸው አያዩኝም፣ መንገዱን ነው የሚያዩት።»

ሐሴት ኦይታን አየችው። አሁን ይገባዋል ብላ ነበር። የኦይታ እርሳስ ግን በሚሥለው ሰርኪዩት ላይ ተሰበረ። ሌላ ሽማግሌ እየጠበቁ ነው፣ አለ በልቡ። ለሌላ ሰው። ቢላዋ ፈልጎ እርሳሱን ለመቅረጽ ተነሣ፤ ሲመለስ ዓይኗን አላየም። እሷም ደግማ አላሳየችውም።

*

የፈተናው ዕለት የግቢው በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከወላይታ፣ ከጂንካ፣ ከሐዋሳም የመጡ አሉ። አንዱ ፎርሙላ ያንበለብላል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ አንዱ ሣምቡሳ ይበላል። ኦይታ መታወቂያውን ይዞ ቆሞ ሳለ ሐሴት ከሴቶቹ ሰልፍ ወጥታ ወደ እሱ መጣች።

«ሁለት ዙር» አለችው።

«እ?»

«አንዴ አንብበህ እንዳትወጣ። ተመለስበት።»

«አልረሳሁም።»

«ረስተሃል።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «አንተ አንድ ጊዜ መልስ ከሰማህ በኋላ ዞር ብለህ የማታይ ሰው ነህ። በፈተናም፣ በሌላም። ሰው ላንተ ሲል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቢያረጅ እንኳ አታይም።»

«ሐሴት፣ ምን እያልሽ...»

«ግባ። ስምህ ተጠርቷል።»

ፊቷን አዙራ ሄደች። ኦይታ ወደ አዳራሹ ሲገባ እግሩ ወደ ፊት ሄዶ ልቡ ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ተሰማው።

ፈተናው ተሰጠ። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ልማዱ ሄደበት፤ የሚያውቀውን አጠቆረ፣ የማያውቀውን አለፈ። ጨርሶ እርሳሱን ሊያጋድም ሲል እጁ ቆመ። «ተመለስበት» ያለችበት ድምፅ ከአጠገቡ የተቀመጠ ያህል ቀርቦ ነበር። ገጹን ገለበጠ።

የመጀመሪያው የዘለለው ጥያቄ ስለ ትራንስፎርመር ነው። ሲያነበው ለመሥራት የሚያስፈልግ አንድ ቁጥር የጎደለ መስሎት ተሳስተዋል ብሎ ነበር ያለፈው። አሁን ቀስ ብሎ አየው። ቁጥሩ አልጎደለም። ሥዕሉ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ከመጀመሪያውም። እሱ ቃሉን ብቻ አንብቦ ሥዕሉን ሳያይ ነው የሄደው።

ሥዕሉን እያየ ሌላ ሥዕል መጣበት። በረንዳ። ኮት። ሦስት ባዶ ወንበር።

ሦስት።

ጋሽ ክብሩና አብረዋቸው የሄዱት ሰዎች ስንት ነበሩ?

ሰው ላንተ ሲል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቢያረጅ እንኳ...

ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞረ። ፈታኙ በጫማቸው ጫፍ እየተራመዱ መጡ።

«ወንድም፣ ምን ያስቃል?»

«ይቅርታ ጋሼ። ጥያቄው ገባኝ።»

«ሲገባህ በልብህ።»

በልቡ ሳቀ። ሮጦ መውጣት አማረው፤ ግን ለሐሴት አልረሳሁም ያለው ቃል ነበረበትና ተቀመጠ። የተዘለሉትን አንድ በአንድ ተመለሰባቸው። አንዳንዱ ለሰለሰ፣ አንዳንዱ እንደ ድንጋይ ቀረ፤ አንዱንም ግን ሁለት ጊዜ ሳያይ አልተወም። ወረቀት ይሰብሰብ ሲባል ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር የተነሣው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት አጠረው።

*

ሐሴት ከበሩ ውጭ ጥላ ሥር ቆማ ባጃጅ ትጠብቅ ነበር። ኦይታ በሰው መካከል እየተጋፋ ደረሰባት።

«ወንበሮቹ ለማን ናቸው?»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ሐሲ፣ ወንበሮቹ ለማን ናቸው?»

ስሟ ወደ ቦታው ሲመለስ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለማን ይመስልሃል?»

«ለሌላ ሰው ሽማግሌዎች መስሎኝ ነበር።»

«ለሌላ ሰው? ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመጣ ቢኖር የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። እሱንም አባቴ ሮጦ ነው የተቀበለው።» እያለቀሰች ሳቀች። «አንተ ደግሞ አንዴ የለኝም ስለተባልክ ጠፋህ።»

«የለኝም? የምን የለኝም?»

«የምሰጣት ልጅ የለኝም ነዋ። አልነገሩህም?»

«የነገሩኝ አይሆንም ብቻ ነው። አባትሽ ጨርሻለሁ ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል ተባልኩ።»

«ይባላል እኮ ኦይታ። እሱ የመጀመሪያው ቀን ቃል ነው። እንደ ሰላምታ ያለ። ሽማግሌ ይመለሳል፣ እንደገና ይለምናል። አባቴ ያንን እንቢታ ሌሊቱን ሙሉ ነው የተለማመደው።»

ኦይታ ግንቡን ተደገፈ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ና ለምነኝ ብዬ?» እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ሰዎችህ አልፈለጉኝም መስሎኝ ነበር። በእናንተ ቤተ ክርስቲያን የምታመልክ ሴት ፈልገው ይሆናል ብዬ። እሑድ እሑድ መንገዱን የሚያይ አባቴ ብቻ እንዳይመስልህ። እኔም በመስኮት ነበርኩ።»

«እኔ ደግሞ እግሬ ጭቃ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር።»

«ጭቃማ ነው» አለች ወደ ጫማው እያየች። «አባቴ ግን ማከፋፈያ ሣጥኑን ለሚያየው ሁሉ ‹ይህን የጠገነው አንድ መሐንዲስ ነው› ይላል።»

ተፈታኙ ሁሉ በአጠገባቸው እየተንጫጫ ያልፋል፣ የጥያቄ ቁጥር እየጠራ ይከራከራል። እነሱ የተያዩት አንድ መልስ ተመሳክሮ ልክ እንደወጣላቸው ሰዎች ነው።

*

ከኦይታ በኩል የቀረው አቶ ክብሩን ማሳመን ነበር። ይህ ከትራንስፎርመሩ ይከብዳል። ቦዩ ዳር ተቀምጠው አገኛቸውና ሁሉንም ነገራቸው። እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«እንግዲህ ሲዋሹኝ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አልዋሹም ጋሼ። ልጃቸውን አክብረው ነው።»

«አይሆንም ማለት ማክበር ነው?»

«በእሳቸው አገር።»

«እኔ ከመጋረጃው ሥር እግር አየሁ። ልጅ የለኝም አሉ። ይህ ሰው እንዴት የወለዳትን ይክዳል ብዬ አዝኜ ነው የወጣሁት። አንተንም እንዳያሳዝንህ ቃሉን ደብቄ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃላችሁ አዎን አዎን ይሁን...»

ኦይታ ሊመልስ አፉን ከፈተና ዘጋው። መቸኮል እንደማይረዳ ገብቶታል። ውሃው በቦዩ ሲሄድ ዝም ብሎ አየ። አቶ ክብሩም ያዩታል።

«ያቺ የወንጌሏ መበለት ግን» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ወደዚያ ዳኛ ስንት ጊዜ ተመላለሰች?»

«ቁጥሩ አልተጻፈም ጋሼ።»

«አልተጻፈም። እስኪፈርድላት ነው።» ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ጌታም አመሰገናት እንጂ ጨቅጫቃ ነሽ አላላትም። በል፣ የሥርዓቱን ነገር ንገረኝ። መቀመጥ ነው ያጠፋነው?»

የኦይታ ደረት ላይ ለሳምንታት የቆመ ውሃ ያን ጊዜ መንገዱን አገኘ።

*

በዚያ እሑድ አቶ ወልደየሱስ ተስፋ ቆርጠው ነበር። ኮቱ ቁም ሣጥን ገብቷል፣ ወንበሮቹ ወደ ቤት ገብተዋል፤ እሳቸው በፒጃማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ማንጎ ይልጣሉ። የዮናስ ባጃጅ አጥሩ ሥር ስትቆም ቀና አሉ። አቶ ክብሩ ወረዱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሏቸው።

«ወለቴ፣ ኮቴን!» አሉ አቶ ወልደየሱስ፤ ማንጎውንም ቢላዋውንም እንደያዙ ወደ ውስጥ ሮጡ።

ሲመለሱ ኮቱ በፒጃማው ላይ ነበር፤ ቁልፉም አንድ ቀዳዳ ዘሎ ተቆልፏል። ፊታቸውን ግን አኮሳትረውታል።

«ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ክብሩ። «እስኪሰጡን ቆመን ነው የምንለምነው።»

አቶ ወልደየሱስ ፊታቸውን ወደ ጫሞ አዞሩ። ሐይቁን የሚያዩ ይመስሉ ነበር፤ ከመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ የምታያቸው ሐሴት ግን ጉንጫቸው ሲርገበገብ አየች።

«የምሰጣት ልጅ የለኝም ብዬ ነበር።»

«ብለዋል። ሰምተናል። ተመልሰናል።»

«ታዲያ የት ነበራችሁ እስካሁን? አንዲት ዶሮ በእናንተ ምክንያት ቤተሰብ ልትመሠርት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ወልደየሱስ ግን አልሳቁም። ወንበር ስበው፣ አልተቀመጡበትም፣ ጀርባውን ይዘው ቆሙ። አሁን ድምፃቸው የተለማመዱት አልነበረም።

«አንድ ነገር አለ። እናንተ በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ናችሁ፣ እኛ በእኛ። ጋብቻው የት ይሆናል፣ የሚወለደውስ ልጅ ወዴት? ይህን ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም።»

«ቀላል አይደለም» አሉ አቶ ክብሩ። «እኛም ስንመጣ ይህንኑ ስናስብ ነበር።»

ከመጋረጃው ኋላ ሐሴት ጆሮዋን አቀረበች። ይህኛው የእውነት እንቢ ሊሆን ይችላል። ይህኛው የተለማመዱት አይደለም።

አቶ ወልደየሱስ የወንበሩን ጀርባ ለቀቁ።

«ልጄ ቤት ስታጠና ሰዓት የምይዝላት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እየሰማሁ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ከባድ ጥያቄ ስላለ ወረቀቱ አይቀደድም። ምልክት ይደረግበታል፣ የሚቻለው ይሠራል፣ ከዚያ ይመለሱበታል።»

«እንመለስበታለን» አሉ አቶ ክብሩ።

«አብረን?»

«አብረን። እርስዎ በጸሎትዎ፣ እኛም በጸሎታችን። የምንጠራው አንድ ነው።»

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ወለቴ ከበሩ። ማንም ያልጠየቃቸው አሜን ነበረ።

አቶ ወልደየሱስ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ኮታቸውን ወደ ታች ጎተቱ። «መልካም። ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ የቀረ ዙር አለ። ለዛሬ መልሴ...» ድምፃቸውን አወፈሩ። «የምሰጣት ልጅ የለኝም።»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ፈነዳ። ታፍኖ የቆየ፣ ሊመለስ የማይችል ሳቅ።

አቶ ክብሩ መጋረጃውን አዩ፣ አባትየውን አዩ። «የሌለችው ልጅ ሳቀች» አሉ።

አጥሩ ሥር፣ ባጃጅዋ ውስጥ፣ ኦይታ ያንን ሳቅ ሰማ። የፈተናው ውጤት ገና አልተለጠፈም፤ ዮናስ ግን የሚጠይቀው ሌላ ውጤት ነበር። አንገቱን አስግጎ «ምን አሉ?» አለው።

ኦይታ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። መጋረጃው ተገልጦ አንድ እጅ ወጥቶ ነበር፤ «ሁለት ዙር» የሚል ይመስል ሁለት ጣት አሳየውና ተሰወረ።

«እንቢ አሉ» አለ ኦይታ። ፊቱ ሁሉ ብርሃን ነበር። «የሚመጣው እሑድም እንመለሳለን።»